ከመስኮት ወደ መስኮት፦ ጃፓን ራስን ማጥፋትን እንዴት የመንግሥት ሥራ አደረገችው

መጀመሪያ አንድ ነገር። የምጽፈው ስለ ራስን ማጥፋት ነው። እንዴት እንደሚደረግ አንድም ቃል አታገኙበትም። ይልቅ ስለ ብድር፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ቡናና ስለ ቢሮ መስኮት ብዙ አወራለሁ። ርዕሱ ዛሬ ከከበዳችሁ ግን ዝጉትና ለምታምኑት ሰው ደውሉ፤ ጽሑፉ የትም አይሄድም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ኖቬምበር 1997 ላይ ነው። ሆካይዶ ታኩሾኩ የሚባል ትልቅ ባንክ ወደቀ። በሳምንቱ ደግሞ ያማይቺ የተባለው የአክሲዮን ድርጅት፣ ልክ መቶ ዓመት በሞላው ዓመት፣ መዘጋቱን አሳወቀ። ፕሬዚዳንቱ ካሜራ ፊት ቆመው እያለቀሱ ‹ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ሠራተኞቹ ምንም አላጠፉም› አሉ። ጃፓን ውስጥ ትልቅ ኩባንያ የገባ ሰው እዚያው ሸብቶ እዚያው ጡረታ ይወጣል ተብሎ ይታመን ነበርና፣ ያ ለቅሶ ብዙ ቤት የገባው እንደ መርዶ ነው።

በዚያ ዓመት ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች በፖሊስ መዝገብ 24,391 ነበሩ። በ1998 32,863 ሆኑ። በአንድ ዓመት ከ8,400 በላይ ጨመረ። ጭማሪው በተለይ የበረታው በጎልማሳ ወንዶች ላይ ነው፤ ቤት የሚያስተዳድሩ፣ ትንሽ ፋብሪካ ወይም ሱቅ የነበራቸው፣ ከሥራ የተቀነሱ። አንድ ዓመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድንጋጤ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን ቁጥሩ 14 ዓመት ሙሉ፣ እስከ 2011 ድረስ፣ ከ30,000 በታች አልወረደም። በ2003 34,427 ደረሰ። በቀን ከ90 ሰው በላይ ማለት ነው።

መንግሥትስ ምን ይል ነበር? ብዙም አይልም። በ2000 ጤና ሚኒስቴሩ አንድ አገር አቀፍ የጤና ዕቅድ አወጣና ቁጥሩ በ2010 ከ22,000 በታች ይወርዳል ብሎ ግብ አስቀመጠ። ቁጥሩ ግን ዕቅዱን አላነበበውም። ፖሊስ ይቆጥራል፣ ሐኪም መድኃኒት ያዛል፣ ሌላው ቢሮ ሁሉ ‹ይሄ እኔን አይመለከትም› ይላል። የግል ጉዳይ ነው፣ ራሱ የመረጠው ነው፣ የቤተሰብ ገመና ነው።

ዝምታው ቤት ውስጥም ነበር። አባቱ ራሱን ያጠፋበት ልጅ ለትምህርት ቤት ጓደኞቹ ‹በልብ በሽታ ነው የሞተው› እንዲል ይመከራል፣ ወይም ልጁ ራሱ እንደዚያ ተነግሮት ያድጋል። ይህንን በአደባባይ የሰበሩት እነዚያው ልጆች ናቸው። አሺናጋ የሚባል፣ ወላጅ ላጡ ልጆች የትምህርት ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት አለ። እዚያ ያደጉ ወጣቶች በ2000 ግድም ታሪካቸውን መጻፍ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ስማቸውን ደብቀው፣ በኋላ ግን ስማቸውንም ፊታቸውንም አሳይተው። በ2001 መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ኮይዙሚ ዘንድ ሄዱ። አባቶቻችን ደካሞች አልነበሩም፣ የገፋቸው ነገር ነበር፣ እሱን ተመልከቱልን ነው ያሉት ባጭሩ።

ዋናው ከተማ ውስጥ ይህ ሲሆን በሰሜን በኩል ሌላ ሥራ ተጀምሮ ነበር። እኔን የሳበኝም ያኛው ነው።

አኪታ

አኪታ በዋናው ደሴት ሰሜን ምዕራብ ያለች ክፍለ ሀገር ናት። ሩዝና ሳኬ፣ ክረምቱን የሚውጥ በረዶ፣ ወጣት የሚሸሻት አገር። ውሻ የምትወዱ ስሟን ታውቁታላችሁ፤ ሃቺኮ የተወለደው እዚያ ነው። በጃፓን ውስጥ የሽማግሌና የአሮጊት ድርሻ ከፍተኛ የሆነባትም እሷ ናት።

አኪታ ከ1995 እስከ 2013፣ 19 ዓመት በተከታታይ፣ ራስን በማጥፋት ምጣኔ ከ47ቱ ክፍለ ሀገሮች አንደኛ ነበረች። በ2003 ከ100,000 ሰው 44.6 ደረሰ፤ የአገሪቱ አማካይ በዚያው ዓመት 25.5 ነበር። ለምን? ሲባል ሁሉም የራሱ መልስ አለው። ፀሐይ የለም፣ በረዶው ያፍናል፣ ይጠጣሉ፣ የሰሜን ሰው ብሶቱን ውጦ ነው የሚኖረው። በሁሉም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት ይኖራል። ችግሩ እንዲህ ዓይነት መልስ ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም፤ በረዶ በአዋጅ አይቆምማ።

ከወንበራቸው የተነሱት ሰዎች ባለሥልጣን አልነበሩም። አንዱ ሳቶ ሂሳኦ የሚባሉ ነጋዴ ናቸው። በ2000 ኩባንያቸው ከሰረ፣ እሳቸውም ድባቴ ውስጥ ገቡ። ሲያገግሙ የሚያውቁት ሌላ የኩባንያ ባለቤት በዕዳ ምክንያት ራሱን ማጥፋቱን ሰሙ። በ2002 ‹ኩሞ ኖ ኢቶ› የሚባል ማኅበር አቋቋሙ፤ የሸረሪት ክር ማለት ነው። ሥራቸው ቀላል ይመስላል። የከሰረ ወይም ሊከስር ያለ ነጋዴ ይመጣል፣ ሰዓት ሳይቆጠር፣ ገንዘብ ሳይጠየቅ ይደመጣል፣ ከዚያ ወረቀቱ ይዘረገፋል። የትኛው ዕዳ ነው በእርግጥ የሚያስጨንቀው? ጠበቃ ይጠራ? ኪሳራ ይታወጅ? ሚስትህ ታውቃለች? ሳቶ ሐኪም አይደሉም። ግን ‹እኔም ከስሬ ነበር፣ ይኸው አለሁ› ማለት ይችላሉ፤ ይህን ደግሞ ማንም ሐኪም ሊለው አይችልም።

እዚህ ላይ ስለ ዕዳው ትንሽ ካላልኩ ነገሩ አይገባም። ጃፓን ውስጥ ትንሽ ነጋዴ ሲበደር ባለቤቱ ራሱ፣ አንዳንዴም ወንድሙ፣ አማቹ፣ የልብ ጓደኛው በአንድነትና በነጠላ ዋስ ይሆኑለታል፤ እሱ ካልከፈለ እያንዳንዳቸው ሙሉውን ዕዳ ይጠየቃሉ ማለት ነው። ስለዚህ ኩባንያው ሲከስር ቤቱ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ የሚያከብሩት ሰው ሁሉ ቤት አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ የፍጆታ ብድር የሚሰጡ ድርጅቶች ነበሩ፣ በተግባር እስከ 29.2 በመቶ ወለድ የሚጠይቁ፤ በእኛ ቋንቋ አራጣ ነው። ጉድ የሚያሰኘው ግን ይህ ነው፦ አበዳሪዎቹ ተበዳሪውን የሕይወት ዋስትና ያስገቡት ነበር፣ ተጠቃሚው ራሱ አበዳሪው ሆኖ። ሰውየው ራሱን ቢያጠፋም ዕዳው ከኢንሹራንስ ይከፈላል። ይህን ሳነብ ደግሜ ነው ያነበብኩት።

ሁለተኛው ሰው መነኩሴ ናቸው። ሃካማዳ ሹንኤይ ይባላሉ፣ ፉጂሳቶ በምትባል የጥቂት ሺህ ሰው ከተማ፣ በሺራካሚ ተራሮች ግርጌ ያለ የዜን ቤተ መቅደስ ኃላፊ። ጃፓን ውስጥ ብዙ ሰው መነኩሴ የሚጠራው ከሞት በኋላ ነው፤ ለቀብር ጸሎት። ሃካማዳ ቀድሞ መጠራት ፈለጉ። በ2000 ከጥቂት የከተማው ሰዎች ጋር ስለ ልብና ስለ ሕይወት የሚያስብ ማኅበር መሠረቱ፣ በ2003 ደግሞ ቡና የሚጠጣበት ቤት ከፈቱ። ስሙ ‹ዮቴታሞሬ›፣ በአኪታ ዘዬ ‹ጎራ በሉ› እንደ ማለት። በየማክሰኞው ከሰዓት ይከፈታል። ‹የአእምሮ ጤና ማዕከል› የሚል ታፔላ የለውም፣ ‹ተጨንቀዋል?› የሚል ቅጽም አይሞላም። ቡና አለ፣ ሰው አለ፣ ማውራት የፈለገ ያወራል፣ ያልፈለገ ዝም ብሎ ይጠጣል። ቡና እየጠጡ የሰፈሩን ወሬ ማውራት ምን ፕሮጀክት ነው ትሉ ይሆናል። ሰው ሲጠፋ ቶሎ የሚታወቀው ግን በየሳምንቱ የሚቀመጥበት ወንበር ሲኖር ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ብቸኝነት ስንል ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው የሚታየን። በሰሜን ጃፓን ገጠሮች ግን ራሳቸውን ካጠፉት አረጋውያን ብዙዎቹ ከልጅና ከልጅ ልጅ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ነበሩ። ቀን ሁሉም ሥራ ይሄዳል፣ ማታ ቴሌቪዥን አለ፣ እሳቸው ደግሞ ‹ሸክም ሆንኩባቸው› እያሉ ያስባሉ። ቤት ሙሉ ሰው እያለ ሰው ያጣሉ።

ሦስተኛው ወገን ዩኒቨርሲቲው ነው። የአኪታ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ፕሮፌሰር ሞቶሃሺ ዩታካ ከክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ጋር ሆነው ከ2001 ጀምሮ ስድስት ትንንሽ ከተሞች ላይ ሥራ ጀመሩ። የከተማዎቹ ነርሶች የድባቴ ምልክት ያለባቸውን በመጠይቅ ለዩ፣ ቤታቸው ሄደው አዩአቸው፣ ነዋሪዎችን ማዳመጥ አሠለጠኑ፣ ሽማግሌዎች የሚገናኙበት ቦታ ከፈቱ፣ ስለ ድባቴ በአደባባይ ተናገሩ። አዲስ መድኃኒት አልመጣም፣ አዲስ ሆስፒታልም አልተሠራም። በስድስቱ ከተሞች ምጣኔው በ1999 ከ100,000 ሰው 70.8 ነበር፤ በ2004 34.1 ሆነ። በዙሪያቸው ባሉት ከተሞች ግን ብዙም ለውጥ አልታየም።

እርግጥ ከተሞቹ ትንንሽ ናቸው። ሕዝቡ ጥቂት ሲሆን ሦስት አራት ሰው ቢቀንስ ምጣኔው ይዘላል፣ ቢጨምርም እንዲሁ። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ወንጌል አልይዘውም። ግን ‹ምንም ማድረግ አይቻልም፣ በረዶው ነው› የሚለውን ክርክር ለመዝጋት በቂ ነበር።

ሕጉ

ወደ ቶኪዮ እንመለስ። ሺሚዙ ያሱዩኪ የሚባል ሰው ኤንኤችኬ በሚባለው የጃፓን የሕዝብ ቴሌቪዥን ውስጥ አዘጋጅ ነበር፤ ስለ አሺናጋ ልጆች ፕሮግራም ሠራ። ከዚያ ‹ፕሮግራም ሠርቼ ብቻ ዝም አልልም› አለና ሥራውን ለቆ በ2004 ላይፍሊንክ የተባለ ድርጅት መሠረተ። ሕግ እንዲወጣ ፊርማ ማሰባሰብ ተጀመረ፣ ከ100,000 በላይ ተሰበሰበ።

ፓርላማ ውስጥ ጉዳዩን የያዘው ያማሞቶ ታካሺ የሚባል የላይኛው ምክር ቤት አባል ነው። በሜይ 2006 ምክር ቤት ፊት ቆሞ ‹እኔ ራሴ የካንሰር ሕመምተኛ ነኝ› አለ። በዚያው ንግግር ሁለት ሕግ ለመነ፣ አንዱ ስለ ካንሰር፣ ሌላው ስለ ራስን ማጥፋት። በቀጣዩ ወር ሁለቱም ጸደቁ። ያማሞቶ በዲሴምበር 2007 አረፈ።

የ2006ቱ ሕግ ራሱ ረጅም አይደለም። ክብደቱ ያለው በመርሁ ላይ ነው፦ ራስን ማጥፋት የግለሰብ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፣ ከጀርባው ማኅበራዊ ምክንያቶች አሉ፣ ስለዚህ እንደ ማኅበራዊ ጉዳይ ይሠራበታል ይላል። ወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ምን አዲስ ነገር አለው ያሰኛል። ግን ሕግ ሲሆን የፋይናንስ ቢሮው፣ የሠራተኛ ቢሮው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ‹እኔን አይመለከተኝም› የሚሉበት በር ይዘጋል። በ2007 ካቢኔው ዝርዝር ፖሊሲ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በ2012፣ በ2017 እና በ2022 ታድሷል።

በ2006 መጨረሻ የአበዳሪዎች ሕግም ተሻሻለ፣ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በጁን 2010 ነው። የወለድ ጣሪያው ወደ 20 በመቶ ወረደ። አንድ ሰው ከእንዲህ ዓይነት አበዳሪዎች በጠቅላላው ከዓመት ገቢው ሲሶ በላይ እንዳይበደር ተደረገ። ያ የሞት ኢንሹራንስም፣ ራስን ማጥፋትን የሚሸፍነው፣ ታገደ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ለሌላ ሰው የንግድ ብድር ዋስ የሚሆን ግለሰብ አስቀድሞ ውል አዋዋይ ፊት ቀርቦ ፈቃዱን እንዲሰጥ ይጠየቃል። እኔ እንደማየው ከራስን ማጥፋት መከላከል ፖሊሲዎች ውስጥ ይህኛው ትልቁን ቦታ ይይዛል። ‹የአእምሮ ጤና› የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለበትም።

መስኮቶቹ

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ላይፍሊንክ ከሟች ቤተሰቦች ጋር ቁጭ ብሎ፣ በአንድ ሰው ላይ ሰዓታት እየወሰደ፣ የሟቾችን መንገድ ወደ ኋላ ተከትሎ መዘገበ። ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ በአማካይ አራት ያህል ችግር ተደራርቦ ነው። እንበል ሰውየው ከሥራ ይወጣል፣ ይበደራል፣ ቤት ውስጥ ጠብ ይነሳል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ድባቴ ይይዘዋል። ድባቴው የሚመጣው መጨረሻ አካባቢ ነው። ጋዜጣ ላይ ‹በድባቴ ምክንያት› ተብሎ የሚጻፈው ግን እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያማል። ከሟቾቹ ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ከመሞታቸው በፊት አንድ የሆነ የሙያ ተቋም ሄደው ነበር። ሐኪም ዘንድ፣ ሥራ ማስቀጠሪያ ቢሮ፣ ሕግ አማካሪ። ብዙዎቹ የሄዱት በመጨረሻው ወር ውስጥ ነው።

‹እርዳታ አይጠይቁም› የሚባለው ነገር እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው። ጠይቀዋል። ጃፓኖች አገልግሎት የሚሰጥበትን ቦታ በቋንቋቸው ‹መስኮት› ነው የሚሉት፣ ልክ እኛ ‹መስኮት 4 ሂድ› እንደምንለው። ሰውየው መስኮት 1 ሄዶ ስለ ሥራ ጠየቀ፣ ስለ ሥራ ብቻ መለሱለት። ስለ ዕዳው ሌላ ሕንጻ ነው፣ በቀጠሮ። ስለ እንቅልፉ ክሊኒክ፣ እሱም በሁለት ሳምንቱ። ለጤነኛ ሰው ይህ መንገላታት ነው። ሌሊት ለማይተኛ፣ ፊቱን መታጠብ ለከበደው ሰው ግን እያንዳንዱ መስኮት ተራራ ነው፤ በየመስኮቱ ታሪኩን እንደ አዲስ ይናገራል፣ በየመስኮቱ ያፍራል።

ይህን ከሁሉ ቀድማ የገባት የቶኪዮዋ የአዳቺ ወረዳ ናት። በ2006 ከ23ቱ የቶኪዮ ወረዳዎች በሟቾች ቁጥር ከፍተኛዋ ነበረች። ወረዳዋ ሥራ ፈላጊዎች በሚመጡበት ቢሮ ጠበቃ፣ ነርስ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛና የሥራ አማካሪ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቀን አስቀመጠች። ሠራተኞቿን ሁሉ፣ ግብር ሰብሳቢውን ጭምር፣ ምልክት ማየት አሠለጠነች። ግብር ያልከፈለ ሰው ሲመጣ ጥያቄው ‹ለምን አልከፈልክም?› መሆኑ ቀርቶ ‹ምን ገጠመህ?› ሆነ። አንድ ወረቀትም አለ፣ ‹አገናኝ ቅጽ› እንበለው። ሰውየው ከፈቀደ የመጀመሪያው ሠራተኛ ጉዳዩን ጽፎ ለሚቀጥለው መስኮት ያስተላልፋል፣ የተደረገለትም ተጽፎ ይመለስለታል። ታሪኩን አንዴ ብቻ ነው የሚናገረው። የአንድ ወረቀት ነገር ነው፤ ግን አንድ ሰው በመንገድ ላይ እንዳይጠፋ የሚያደርገው እንዲህ ዓይነት ወረቀት ነው ባይ ነኝ።

እንዲህ የሠለጠነ ሰው በጃፓን ‹ጌትኪፐር› ይባላል። በአማርኛ በረኛ ማለት ነው፤ ለእኛ ጆሮ ወዲያው ኳስ የሚያድን ሰው ነው የሚመጣብን፣ እሱም ያን ያህል አልራቀም። ፀጉር አስተካካዮች፣ ፋርማሲስቶች፣ የታክሲ ሾፌሮች ሳይቀሩ ይሠለጥናሉ። ያስተውላሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ወደሚመለከተው ያገናኛሉ፣ ከዚያም አይጠፉም። ማከም የእነሱ ሥራ አይደለም። በነገራችን ላይ ‹ራስህን ስለ ማጥፋት እያሰብክ ነው?› ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው አእምሮ ውስጥ አይከትም። ጥናቱ ይህን ደጋግሞ አሳይቷል፣ ሰው ግን አሁንም ይፈራዋል።

አንድ ሌላ ብልሃት ሺዙኦካ በምትባል ክፍለ ሀገር ካለችው ፉጂ ከተማ መጣ። መካከለኛ ዕድሜ ያለ ጃፓናዊ ወንድ ‹ድባቴ ይዞኛል› አይልም፣ ቢገደልም አይልም። ‹እንቅልፍ እምቢ አለኝ› ግን ይላል። ስለዚህ ከተማዋ ስለ ድባቴ ማውራቱን ትታ ስለ እንቅልፍ ጠየቀች። ሁለት ሳምንት ካልተኛህ ወደ ሐኪምህ ሂድ፤ ተራው ሐኪም ደግሞ ወደ አእምሮ ሐኪም፣ ወደ ሳይካትሪስት፣ ይላክህ፣ ፋርማሲስቱም የእንቅልፍ መድኃኒት ሊገዛ የመጣውን ይጠይቅ። ይህን ማዕከላዊ መንግሥቱ ወስዶ በ2010 አገር አቀፍ ዘመቻ አደረገው። መፈክሩ ‹አባዬ፣ እንቅልፍ ይወስድሃል?› የሚል ነው። ዘመቻው የተደረገው በማርች ነው፣ ምክንያቱም የጃፓን የበጀት ዓመት የሚዘጋው፣ ሒሳብ የሚታሰበውና ብዙ ሰው የሚሞተው በዚያ ወር ነው። ሰው የሚሞትበትን ወር አይቶ ወሩን መምረጥ፣ ይህ ደግሞ የሚገባ ስታትስቲክስ ነው።

ገንዘብም ወጣ። በ2009 መንግሥት 10 ቢሊዮን የን ለክፍለ ሀገሮች መደበ፣ ለሦስት ዓመት። በ2016 ሕጉ ተሻሽሎ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ከተማና መንደር የራሱን ዕቅድ እንዲያወጣ ግዴታ ሆነበት። አኪታ ውስጥ ደግሞ በ2010 ‹ፉኪኖቶ› የተባለ ንቅናቄ ተጀመረ፤ ፉኪኖቶ በረዶውን ሰንጥቃ የምትወጣ ቡቃያ ናት፣ የክፍለ ሀገሩም አበባ እሷ ናት።

ውጤቱና የማይመቸው

በ2012 የአገሪቱ ቁጥር 27,858 ሆነ፤ ከ14 ዓመት በኋላ ከ30,000 በታች። በ2019 20,169 ደረሰ፣ ፖሊስ መቁጠር ከጀመረበት ከ1978 ወዲህ እስከዚያ ድረስ ዝቅተኛው። አኪታም በ2003 ከነበረችበት ከግማሽ በታች ወርዳለች፤ ሕዝቧም እየቀነሰ ነው ትሉ ይሆናል፣ ግን ምጣኔውም ወርዷል። 19 ዓመት የያዘችውን ቦታ በ2014 ለቀቀች። ከከፍተኞቹ ተርታ ግን ጨርሳ አልወጣችም።

ሁሉንም የሠራው ሕጉ ነው እንዴ? አይመስለኝም። ቁጥሩ መውረድ የጀመረው ኢኮኖሚው ከ2008ቱ ቀውስ ማገገም በጀመረበት ወቅት ነው፣ ሥራ አጥነትም ቀንሷል። ማን ምን ያህል እንደሠራ ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነገር ነው። በ1998 ኢኮኖሚው ሲወድቅ 8,400 ሰው አብሮ ወደቀ። በ2008 የዓለም ቀውስ ሲመጣ ግን ያን የመሰለ ዝላይ አልታየም። ቀውሱ አንድ ዓይነት አልነበረም፣ አውቃለሁ። ግን በሁለተኛው ጊዜ ቢያንስ የሚያንኳኩት መስኮት ነበር።

ሽንፈቶችም አሉ፣ ከሽንፈት የወጣ ትምህርትም አለ። ፉጂሳቶን አስታውሱ፣ የመነኩሴውን ከተማ። የከተማዋ የማኅበራዊ ደኅንነት ምክር ቤት ቤት ዘግተው የሚቀመጡ ሰዎችን፣ ጃፓኖች ሂኪኮሞሪ የሚሏቸውን፣ ቤት ለቤት ቆጠረ። በሥራ ዕድሜ ላይ ካሉት ውስጥ 113 ሰው ተገኘ፣ ለዚያች ትንሽ ከተማ። እናዝናናቸው ተባለና የመዝናኛ ዝግጅት ተደረገ። ማንም አልመጣም። ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ የአረጋውያን ተንከባካቢነት ሥልጠና ማስታወቂያ በየቤቱ ላኩ፤ ያን ጊዜ መጡ። ለካስ ሰዎቹ የፈለጉት መታዘን ሳይሆን ሥራ ነበር። በ2010 ለእነሱ በተከፈተው ቤት ውስጥ ሶባ የሚባል የጃፓን ፓስታ የሚቀርብበት ምግብ ቤት አለ፣ የሚያበስሉትም የሚያስተናግዱትም እነሱ ናቸው። ፕሮጀክት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይቺን ታሪክ ግድግዳው ላይ ቢለጥፋት ደስ ይለኛል።

ከዚያ 2020 መጣ፣ ወረርሽኙ። የዓመቱ ቁጥር 21,081 ሆነ፣ ከ11 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ጭማሪ። የወንዶቹ እንኳን ትንሽ ቀንሷል። የጨመረው የሴቶች ነው፣ በአንድ ዓመት ከ900 በላይ። ሆቴልና ምግብ ቤት ሲዘጋ ቀድመው ከሥራ የወጡት በጊዜያዊ ውል የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፣ ቤት ውስጥ የሚበጠብጣቸው ባል ያለባቸውም ቀኑን ሙሉ አብረውት ተዘጉ። ‹አባዬ፣ እንቅልፍ ይወስድሃል?› ለእነሱ የተጻፈ አልነበረም። በ2021 መንግሥት የብቸኝነት ጉዳይ ሚኒስትር ሾመ፣ ብዙ ሰው ስቋል። በ2024 ግን ስለ ብቸኝነት የወጣው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ።

የከፋው የልጆቹ ነው። በ2024 ጠቅላላው ቁጥር ወደ 20,320 ሲወርድ፣ ከአንደኛ ደረጃ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያሉ ተማሪዎች 529 ሆኑ። እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው። አጠቃላዩ እየወረደ ይህ ይወጣል።

ልጅ ደግሞ መስኮት አይሄድም። ዕዳ የለበትም፣ ግብር አይከፍልም፣ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ጭንቀቱን አያወራም። ትምህርት ቤቶች ‹ሲከፋህ እንዴት ድረሱልኝ ትላለህ› የሚል ትምህርት ያስተምራሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ድረሱልኝ ያለውን ልጅ የሚቀበለው አስተማሪ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ካላወቀ ምን ዋጋ አለው። በጁን 2023 መንግሥት ለልጆች የተለየ አስቸኳይ ዕቅድ አወጣ። በዕቅዱ እያንዳንዱ ተማሪ በተሰጠው ታብሌት ላይ ስሜቱን እንዲገልጽና አደጋው ቶሎ እንዲታወቅ ይደረጋል። እኔ ለታብሌቱ ብዙም ልቤ አይሄድም። ዓይኔ ያረፈው ሌላው ላይ ነው።

ናጋኖ የምትባል ክፍለ ሀገር በ2019 አንድ ቡድን አቋቁማለች፤ ሳይካትሪስት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ጠበቃ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ የኢንተርኔት ጉዳይ አዋቂ። አስተማሪው አንድ ልጅ አስግቶት ግራ ሲገባው ይጠራቸዋል፣ እነሱም ወደ አስተማሪው ይመጣሉ፣ ወይም ከሩቅ ሆነው ከእሱ ጋር ይሠራሉ። ልጁ ወደ የትም አይላክም። ከሚያውቀው ሰው ጋር እዚያው ይቆያል፣ መስኮቶቹ ናቸው የሚመጡት። አዲሱ ዕቅድ ይህን ቡድን በሁሉም ክፍለ ሀገሮች ማቋቋም ይፈልጋል።